ከጭቃ ሹም እስከ ቀበሌ ፖሊስ፦ የገጠሩ ሕግ አስከባሪ ማን ነበር?

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው። ስለ ቀበሌው ሕግ አስከባሪ መናገር ግን ብዙም አይታይም። ይሁንና የማኅበሩ መጋዘን ቁልፍ ቢሰበር፣ ከጥንዱ አንዱ በሬ በሌሊት ቢነዳ፣ የድንበር ጠብ ደም ቢያፋስስ የሁሉም ልማት ከዚያ ላይ ይቆማል። አንድ በሬ የተሰረቀበት አርሶ አደር የጎደለበት አንድ በሬ ብቻ አይደለም፤ የቀረው በሬ ብቻውን አያርስምና የዓመቱ ማሳ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በጃማና በለጋምቦ ደጋና ወይና ደጋ ውስጥ ሕግን ሲያስከብር የኖረው ሰው ማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለማን ተጠሪ እንደነበረ መመርመሩ ከኅብረት ሥራው ጉዳይ የወጣ አይሆንም።

በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ፣ በወረዳ ደረጃ ያለውን ሕግ አስከባሪ «ሸሪፍ» ይሉታል። ቃሉ ከእንግሊዝ የመጣ ሲሆን መነሻው የንጉሥን ግብርና ሕግ በአንድ ግዛት የሚያስፈጽም ሹም ማለት ነው። በአሜሪካ በአብዛኞቹ ክፍላተ አገር ሸሪፉን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ ሲወዳደርም የት እንደሠራ፣ ምን እንዳሻሻለ ለመራጩ ይናገራል። በወሎ ደጋ ይህን የሚመስል ሹም ቢፈለግ በመጀመሪያ የሚገኘው ጭቃ ሹም ነው። ልዩነቱ ጭቃ ሹሙን ማንም የሥራ ታሪኩን ጠይቆት አያውቅም።

ጭቃ ሹም የሚሾመው በትውልዱና በመሬቱ ነበር። ግብር ያስገባል፣ ለመንግሥት ሥራ ሰው ያዝዛል፣ የጠፋ ከብት ያስፈልጋል፣ ተጠርጣሪ ይዞ ለበላይ ያቀርባል። ደመወዝ የለውም። ደመወዝ የሌለው ሹም የሚኖረው ደግሞ ከሚያስተዳድረው ሰው ጉልበትና እጅ መንሻ ነው። መልካም ጭቃ ሹም አልነበረም ማለት አይደለም፤ የአገሩን ወሰን በድንጋይና በዛፍ ለይቶ የሚያውቅ፣ ጎረቤታሞችን ሳይካሰሱ የሚያስታርቅ ብዙ ነበር። ነገር ግን መልካምነቱ ከሰውየው ጠባይ እንጂ ከሥርዓቱ የሚመጣ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን የሚከሰስበት ደጅ ሩቅ ነው።

በዚያ ዘመን ወንጀል ይጣራባቸው ከነበሩት መንገዶች መካከል አንዱ ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከዚያም ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ንጹሕ ሰው በዚህ ስንት ጊዜ ንብረቱን እንዳጣ መገመት አያስቸግርም። ልማዱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት ተከልክሎ ቀርቷል። ሁለተኛው ቁራኛ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪቆረጥ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» የሚለው አነጋገር ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፋም።

ሦስተኛውና ሰፊ ቦታ የነበረው አውጫጭኝ ነው፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ይባላል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ወንድ ሁሉ በአዋጅ ይጠራል። በአንድ ሜዳ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል፣ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን በምሥጢር ለእነርሱ ይነግራል። ስሙ እንዳይገለጥበት የሚፈራ ሰው «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ይናገር ነበር። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ጨርሶ ካልተገኘም አገሩ ተዋጥቶ ለተጎዳው ይክሳል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ነበረ፤ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል የአንድ ሰው ጉዳት የአገር ሁሉ ዕዳ መሆኑ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ካሣውን ተዋጥቶ የሚከፍል ጎረቤት ሌባን ደብቆ አያሳድርም። በሌላ በኩል ግን በአጨዳ ወይም በዘር ወቅት አገር ሙሉ ሰው ለቀናት ሜዳ ላይ ሲቀመጥ የሚበላሸው ሰብል ከተሰረቀው በሬ ሊበልጥ ይችላል። «ወፍ» የነገረችው ነገርም ቂም የወለደው ሊሆን ይችላል፤ ተከሳሹ ማን እንደመሰከረበት ስለማያውቅ ሊከራከር አይችልም። የዛሬው ሰው ስለ ባህላዊ ሥርዓት ሲያወራ የመጀመሪያውን አንሥቶ ሁለተኛውን መተው ይቀናዋል።

ደመወዝ የሚከፈለው፣ መለያ ልብስ ያለው ፖሊስ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከከተማ ነው። ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል የተወለዱት ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ላይ በነበሩባቸው ጥቂት ዓመታት ለአዲስ አበባ ተረንቡሌ የሚባል የከተማ ጠባቂ አቁመው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ወጣና በመላ አገሪቱ አንድ የፖሊስ ኃይል እንዲቋቋም ተደረገ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግሊዛውያን መኮንኖች ነበሩበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ደግሞ የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፍቶ ኢትዮጵያውያን መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ።

ይህ ሁሉ ግን ለገጠሩ ሩቅ ነበር። መካነ ሰላም የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ስለነበረች ፖሊስም ዳኛም በከተማዋ ይገኙ ነበር፤ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ወይም ከሳይንት ጫፍ ለሚመጣው ባለጉዳይ ግን ክስ ማለት ስንቅ ሰንቆ መንገድ መጀመር ነው። ከብት ደግሞ ቆላ ወርዶ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ነውና ፍለጋው እዚያው ይቆማል። በቀበሌ ደረጃ ጸጥታ የሚያስከብረው በአብዛኛው ያው ጭቃ ሹሙና ሲጠራ መሣሪያውን ይዞ የሚወጣው ነጭ ለባሽ ነበር።

ክፍተቱን ለመሙላት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 በአዋጅ ቁጥር 90 አጥቢያ ዳኛ ተቋቋመ። በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር የሚደርስ ነገር ያያል፣ በወንጀል እስከ 15 ብር ይቀጣል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 223 ስድብን፣ ቀላል ድብደባን፣ አነስተኛ የንብረት ጉዳትንና ግምቱ ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን አጥቢያ ዳኛው አስታርቆ እንዲጨርስ ይፈቅዳል። መልካም ሐሳብ ነበር። ችግሩ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ባላባቱ መሆኑ ነው፤ ጭሰኛ በባለመሬቱ ላይ ለባለመሬቱ ይከሳል ወይ?

ክቡራን ተሰብሳቢዎች፤ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በቀጥታ ይነካል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሆነ፤ የገበሬ ማኅበራትም እንዲቋቋሙ ተወሰነ። ታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 71 እነዚህ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት አገኙ። በዚሁ በአንድ አዋጅ ውስጥ የፍርድ ሸንጎ፣ የመከላከያ ጓድና የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር አብረው ተቀመጡ። ይህ ማለት የገጠሩ ዳኛ፣ የገጠሩ ጠባቂና የኅብረት ሥራው ሱቅ መንታ ሆነው ተወለዱ ማለት ነው። በዛሬው በዓል ላይ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ለውጡ ቀላል አልነበረም። ሰፊ መሬት የነበራቸው ባለቤቶች ድልድሉ እስኪጠናቀቅ ከማኅበሩ አባልነት ተገልለው ትናንት ጭሰኛ የነበረው ሰው ሊቀ መንበር፣ ዳኛና የጥበቃ አባል ሆነ። በገጠሩ ታሪክ ሕግ አስከባሪው ከሚጠብቃቸው ሰዎች መካከል ሲመረጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ክስ ለማቅረብ አውራጃ ድረስ መሄድ ቀረ።

ግን ብዙ ሳይቆይ የጓዱ ሥራ ሌላ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ እህል ሲሰበስብ ኮታውን የሚያስፈጽሙት የገበሬ ማኅበራትና የአገልግሎት ማኅበራት ነበሩ። በኬላ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን የጤፍ ቁና የሚይዘው ያው የተመረጠው ሰው ሆነ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላም ወጣቱን ከእርሻው ላይ የሚያፍሰው እሱው ነበር። ሊቀ መንበሩ ተጠሪነቱ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አልነበረም። የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ደግሞ በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች የአገልግሎት ማኅበራት መጋዘን በጠራራ ፀሐይ ተዘረፈ። ቆርቆሮው ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ። የዘረፈው ሩቅ አገር ሰው አይደለም፣ አባሉ ነው። የጠባቂው ጠመንጃ እዚያው ነበር፤ ያልነበረው መጋዘኑን የእኔ ነው የሚል ሰው ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አውራጃ ቀርቶ ወረዳና ዞን መጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 የክልልን ፖሊስ ማደራጀትና መምራት የክልሉ ሥልጣን አደረገው። በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ እንዳለበት ደነገገ። የጉዞው ጊዜ አለመታሰቡ ለእንደ መካነ ሰላም ላለ አገር ተራ ነገር አይደለም፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግር የሚመጣ ታሳሪ ጉዳይ በሰፊው ሊለጠጥ የሚችለው በዚህች ሐረግ ነው።

በክልሉ ፖሊስ ለመሆን ትምህርትና ሥልጠና ይጠየቃል፤ ደብረ ማርቆስ ያለው የፖሊስ ኮሌጅ አንዱ ማሠልጠኛ ነው። በዚህም የሕግ አስከባሪው የሥራ መነሻ ከትውልድ ወደ ትምህርት ተዛወረ። ይሁንና ለረጅም ዓመታት ፖሊስ ከወረዳ ከተማ አልፎ አይገኝም ነበር፤ ቀበሌውን የሚጠብቀው ሚሊሻ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. የአማራ ክልል ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎትን ወደ ገጠር ሲያወርድ ነገሩ ተለወጠ። ለቀበሌ አንድ ፖሊስ ይመደባል፤ የሚኖረውም እዚያው ነው። ከጎኑ የአማካሪ ምክር ቤትና የግጭት ፈቺ ኮሚቴ ይቋቋማሉ፤ በኮሚቴው ውስጥ ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼሆች ይቀመጣሉ። በጃፓን ኮባን የሚባሉት በየሠፈሩ ያሉ ትንንሽ የፖሊስ ጣቢያዎች የሚሠሩበትን ሐሳብ ይመስላል፦ ፖሊሱ የሠፈሩን ሰው በስም ያውቃል፣ ሰውም እሱን።

ያስገኘው ጥቅም ተጨባጭ ነበር። የቀበሌ ፖሊስ ባለበት ቦታ ሴት ልጅ ለመክሰስ ወረዳ ድረስ ብቻዋን መሄድ አያስፈልጋትም። የጠፋ ከብት የሚፈልግ ሰው ከጎረቤት ቀበሌ ፖሊስ ጋር በስልክ የሚነጋገር ሰው አገኘ። ከሁሉ በላይ የድንበር ጠብ ገና በስድብ ደረጃ ሳለ የሚደርስበት ሰው አገኘ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት፤ የድንበር ጠብን ካቀለሉት ነገሮች መካከል ፖሊስ ያልሆነ አንድ መሣሪያ አለ፤ እሱም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በክልሉ ምዝገባው ሲጀመር ከሙከራ ቦታዎቹ አንዱ እዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በደሴ ዙሪያ ገራዶ ነበር። የባልና የሚስት ስም በአንድ ደብተር ላይ መስፈሩ ባል ሲሞት የሚነሣውን የዘመድ ሽሚያም ቀንሷል።

ጉድለቱም አብሮ ይነገር። በዚሁ አደረጃጀት ውስጥ «የቤተሰብ ፖሊስ» የሚባል ነበረ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሰላም እንዲጠብቅ ነው የታሰበው። ግን ቤት ድረስ የሚዘልቅ መዋቅር ሌባን ለመጠበቅም ጎረቤት ምን እንደተናገረ ለመስማትም ያገለግላል፤ አርሶ አደሩም ልዩነቱን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም። ለቀበሌ ሹም የሚያቀብል ኮሚቴ መሆኑን የጠረጠረ ሰው የከብት ስርቆት እንኳ ቢያይ ዝም ይላል። የኮታው ዘመን ያስተማረው ትምህርት ገና አልተረሳም ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ዕርቅን ይመለከታል። ወሎ የዕርቅ አገር ነው። በቃሉና በአካባቢው አበጋር የሚባሉት የሰላም አባቶች እስላምና ክርስቲያኑን በአንድ ዱዓ ሥር አስቀምጠው ደም ሲያደርቁ ኖረዋል፤ በሌላውም የዞኑ ክፍል ሽማግሌ ገብቶ ያላበረደው ደም ጥቂት ነው። ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል፤ የሟች ወንድም ልብ ውስጥ ያለውን ግን አያወጣም። ያንን የሚያወጣው ዕርቁ ነው። ስለዚህ ፖሊስ ከሽማግሌ ጋር መሥራቱ ትክክል ነበር።

ነገር ግን ዕርቅ የማይገባበት ቦታ አለ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት እንዲድን በር ከፍቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የጸደቀው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው። የክልሉ የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ። ሕጉ እንዲህ ቢሆንም በብዙ ቦታ የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ በሽማግሌ «በጥሎሽ» ሲያልቅ ኖሯል። ሁለቱ አባቶች ይታረቃሉ፣ ልጅቱ ግን አትጠየቅም። የቀበሌ ፖሊስ ዋጋ የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ አጎቶቹና የክርስትና አባቶቹ ሲሆኑ «ይህ የእናንተ አይደለም፣ የዐቃቤ ሕግ ነው» ማለት ይችላል ወይ? የቻሉ ነበሩ። ያልቻሉም ነበሩ፤ አገሩ ውስጥ የሚኖር ሰው የአገሩን ቂም መሸከም ይከብደዋል። ለዚህም ነው ፖሊሱ ከተወለደበት ቀበሌ ውጪ መመደቡ የሚደገፈው። በቋንቋና በባህል ያው አገር፣ በዝምድና ግን ሌላ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጊዜ ይህን ሁሉ አናግቶታል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ተራዝሞ በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ አበቃ። በእንዲህ ባሉ ዓመታት ያለ መሣሪያ በየቀበሌው ይንቀሳቀስ የነበረው ፖሊስ በተመደበበት መልክ ሊቀጥል አልቻለም። ሰላም ሲናጋ በመጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ትንሹ፣ በስም የሚታወቀው ሕግ አስከባሪ ነው። ትልልቁ ኃይል መንገድና ከተማ ይጠብቃል፤ በሬ አይፈልግም።

ለማኅበራት የሚቀረው ሥራ ታዲያ የትኛው ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 በአባላትና በማኅበሩ መካከል የሚነሣ ክርክር አስቀድሞ በዕርቅ፣ ካልሆነም በሽምግልና ዳኝነት እንዲታይ ደንግጎ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ሲተካውም ሐሳቡ ቀጥሏል። ስለዚህ ገንዘብ ጎደለ የተባለበት ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሚዛን አጎደለ የተባለ ገዢ፣ ብድር ያልመለሰ አባል ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፖሊስ አይሮጥባቸውም፤ ብዙው በማኅበሩ ውስጥ ይፈታል። ይህ የሚሠራው ግን መዝገብ ሲኖር ነው። የመጋዘን ገቢና ወጪ በካርድ ካልተያዘ፣ ኦዲት በየዓመቱ ካልተደረገ ሽማግሌው የሚፈርደው በወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ያው የአውጫጭኙ «ወፍ» ናት።

የመጋዘን ጥበቃን በሚመለከት በተግባር የተፈተኑ ጥቂት ነገሮች አሉ። ቁልፉ በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ ይሁን፣ አንዱ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ቢሆን ይመረጣል። ዘበኛው ከቅርብ ጎጥ ይቀጠር፣ ደመወዙም ሳይዘገይ በወሩ ይከፈለው፤ ደመወዝ የሌለው ጠባቂ ከጭቃ ሹም ዘመን ጀምሮ ከምን እንደሚኖር ይታወቃል። ማዳበሪያ የሚራገፍበት ቀን ለአባላት አስቀድሞ ተነግሮ በፊታቸው ይቆጠር። ከመጋዘኑ የጎደለ ነገር ሲኖር የመጀመሪያው ሪፖርት ለአባላት ጉባኤ ይቅረብ፣ ቃለ ጉባኤውም ከነፊርማው ለሚመለከተው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ይድረስ። በእንዲህ ያለ መንገድ የቀረበ ክስ መርማሪው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ ተከሳሹም በማን ቃል እንደተከሰሰ ያውቃል።